ኩባው ቤት ምሳ የበላንበት ቀን

ጂንካ ሁሉ ኩባው ብሎ የሚጠራው ጓደኛችን የእንስሳት ሐኪም ነበር። አባቱ በምሥራቁ ጦርነት ሲሞት መንግሥት ከሌሎች ወላጅ አልባ ልጆች ጋር በመርከብ ኩባ ልኮት፣ እዚያው አድጎ፣ እዚያው ተምሮ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ተመልሶ ደቡብ ኦሞ የተመደበ ሰው ነው። እኔ ከጎጃም የመጣሁ አስተማሪ ነበርኩ። ሦስተኛዋ ጓደኛችን አዋላጅ ነርስ ናት፣ የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም። ሦስታችንም ለከተማው እንግዳ መሆናችን አቀራረበን።

እሷ ሰው ቤት አትበላም። የምትበላው እኔ ቤት ብቻ ነበር፣ እሱንም የጾም ወጥ ሲሆን ነው። እዚያ ለመድረስም ስንት ወር ፈጅቶብናል። አንድ ቀን ኩባው፣ እሑድ የኩባ ምግብ ላብላችሁ ሲለን፣ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺ ካልሽ እሄዳለሁ" አለች። እኔም ምን ችግር አለው አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው ጭንቁ የጀመረኝ።

ኩባው አፉን በከፈተ ቁጥር የሚያወራው ስለ አሳማ ነዋ። አሳማ የሌለበት የኩባ ድግስ ሙሽራ የሌለችበት ሰርግ ነው ይላል። እኛ ፊታችንን ስናጨማድድ ይስቃል። ይባስ ብሎ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከጂንካ ወጣ ብላ ካለችው ከገዘር የመጣ አንድ ገበሬ፣ ጎደሬውን ሲቆፍርበት የከረመው ከርከሮ ወጥመድ እንደገባለት ሲነግረው በጆሮዬ ሰማሁ። ኩባው ሰውየውን አቅፎ ወደ ሚኒባሶቹ ይዞት ሄደ። እኔ ሽንኩርቴን ታቅፌ ቀረሁ።

ለምን አልጠየቅሽውም ትሉኝ ይሆናል። የጋበዘ ሰው ምን ልታበላን ነው ተብሎ ይጠየቃል? ለእሷ ልንገራት ብል ደግሞ ትቀራለች፣ እሱ ይቀየማል፣ ከርከሮውም ለሌላ ጉዳይ ከሆነ ሰው አጣላሁ ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ፣ ሳታውቅ ብትበላ፣ ሁለተኛ ዓይኔን አታየውም። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤ እኔ ቅጠሉን ይዤ ቆምኩ።

እሑድ ግቢው በር ላይ ስንደርስ የሚጠበስ ስብ ሸተተን። እሷ ሻሿን አስተካክላ ገባች።

ጠረጴዛው ላይ ከቦሎቄ ጋር የበሰለ ሩዝ ቀርቧል። ጥቁር ቦሎቄ አጥቶ በቀዩ በመሥራቱ ይቅርታ ጠየቀን። ጥሬ ሙዝ ጠብሶ፣ በብርጭቆ ቂጥ ጨፍልቆ፣ መልሶ ጠብሶታል። ከጎኑ ሁለት ድስት አለ። አንዱን ከፍቶ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ሥጋ ሳህኗ ላይ አደረገላት። ቢስሚላህ ብላ ወደ አፏ ስታነሳው እጇን ያዝኩ።

"ምን ሥጋ ነው?" አልኩት።

"ዶሮ ነው። ትናንት ከነነፍሷ ይዤ ሄጄ መስጊድ የሚያገለግለው ጎረቤቴ ነው ያረደልኝ" አለ። ሁለተኛውን ድስት ወደ እኔ ገፋ። "ይቺ ደግሞ ያንቺ ናት፣ ክርስቲያን ነው ያረዳት። እንዳታደባልቁብኝ።"

እሷ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ማን እንዲያርድለት እንደምትፈልግ ለካ ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዶ ጠይቋት ኖሯል። የማውቅ መስሏት ነው ያልነገረችኝ። አፈርኩ፣ ግን ሽታው አሁንም አለ። ታዲያ ይሄስ ምንድን ነው አልኩት።

ወደ ጓሮ አመለከተ። "እሱ የኔ ከርከሮ ነው። ድስቱም፣ ማንኪያውም፣ እሳቱም ለብቻው ነው።" ከዚያም ምክንያቱን ነገረን። "ኩባ የገባን ቀን ሥጋ አበሉን። ርቦን ስለነበር ሳህኑን ላስነው። ምን እንደሆነ የነገሩን ከበላን በኋላ ነው። ሙስሊሞቹ ልጆች ጣታቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ሲከቱ አየሁ። እኔም አለቀስኩ። ኋላ ለመድኩት፣ ከዚያም ወደድኩት። ሰው ግን ሳልነግር አላበላም።"

በላን። ሩዙ ከባድ ነው። ሙዙ ጨው ጨው ይላል፤ ስኳር ስኳር ይላል ብዬ እየጠበቅኩ ሳላውቀው ብዙ በላሁ። እሱ አብሮን አልበላም። እኛ ስንጨርስ ሳህኑን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እንዳናይበት ጀርባውን ሰጥቶን መብላት ጀመረ። ያደገበት ምግብ ነው፤ ጂንካ ውስጥ አብሮት የሚበላው ሰው የለም። አንጀቴን በላኝ፣ ግን ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።

እሷ ተነሳች። ሳህኗ ላይ ሩዝና ሙዝ ጨምራ፣ ወንበሯን በሌላ እጇ አንጠልጥላ ወጣች። ከእሳቱ ትንሽ ራቅ ብላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ብቻህን አትብላ፣ ወንድሜ" አለችው። "እኔ ሩዜን እበላለሁ።"

ለእሷ ስፈራ ነበር የሰነበትኩት። ድስቱን ላለማየት ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ፣ እኔም ወንበሬን ይዤ ወጣሁ።