ቀይ ክር የታሰረበት ቅል

ትናንት ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ሸሚዟን ገልጣ ጎኗን አሳየችኝ። ከጀርባዋ ተነስቶ እስከ ጡቷ ሥር ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ተሰልፏል። "እማዬ፣ እንደ እሳት ይለበልበኛል" አለች። አልማዝ ባለጭራ ነው፤ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ታላቅ እህቴ አስካለች ላይ ነው። ቦንጋ አጠገብ፣ ማንኪራ መንደር ነበርን፤ ቡናው ቀልቷል፣ ዝናቡ ግን ገና አላባራም። እኔ አላገባሁም፤ እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ማር ገዝቶ ሺሺንዳ ገበያ የሚያወርድ፣ ቤት የማይበረክት ሰው ነበር። ያኔ ሬዲዮው ስለ ኤች አይ ቪ ሳያወራ አይውልም፤ ሽፍታውን ያየ ሁሉ "የእሱ ምልክት ነው" እያለ ሐኪም ሆነ።

እኛ ዘንድ ጎረቤት ተሰብስቦ የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በቃሪያ አፍልቶ ይጠጣል፤ አንዱ ቅል ከእጅ እጅ ይዞራል። አንድ ቀን አስካለች ጋ ሊደርስ ሲል ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አንገቱ ላይ ቀይ ክር ያሰሩበት ሌላ ቅል ከጓዳ አወጡ።

"የኔ ልጅ፣ ያንቺ ይሄ ነው። እንዳይቀላቀል ብዬ ነው።"

"እትዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነርስ ሆኑ?" አልኩ።

"አንቺ ምላሳም! ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በይ።"

ሰው ሳቀ። አስካለች ግን ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣ አለች። ምርመራ እንሂድ ስላት "እነሱ ካወቁት ምን ያደርግልኛል?" ትለኛለች። ሆዷ ይገፋል፤ እኔ አርራለሁ። በዓይናቸው መርምረው፣ በአፋቸው ውጤት ሰጡ፤ መድኃኒት ግን የላቸው!

በስንት ልመና ጭቃውን እያቦካን ቦንጋ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። "መመርመሪያው አልቋል፤ በሳምንቱ ተመለሱ" አሉን። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ። በሳምንቱ ስንመለስ ደግሞ አስካለች "አንቺም ለምርመራ ክንድሽን ካልሰጠሽ አልሰጥም" አለች። ሰጠሁ።

ነርሱ ረጋ ብሎ አስረዳን። "ሽፍታ ብቻውን አይመሰክርም፤ ጤነኛም ላይ ይወጣል። የሚናገረው ደም ነው። ደግሞ በቅል አይተላለፍም። በግብረ ሥጋ፣ በደም፣ በስለት፣ ከእናት ወደ ልጅ ነው።"

የእኔ ደም ነፃ ሆነ። የእሷ አልሆነም።

"ልጁን ማዳን ይቻላል" አለ፤ "ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ?" ያ ቀይ ክር ዓይኔ ላይ መጣ።

መድኃኒቷን ጀመረች። ልጁ ተወልዶ ሲመረመር ነፃ ሆነ፤ ዛሬ በቁመት ይበልጠኛል። እሷም አለች፣ ቡናዋን ትለቅማለች። ያንን ቅል አልጣለችውም፤ ዶሮዎቿን ውሃ ታጠጣበታለች።

ዛሬ ጠዋት የቡና ቅጠል አፍልቼ ሳለ አንዲት ጎረቤቴ መጣች። የልጄን ጎን አየችና ዓይኗ ወደምንጠጣበት ቅል ሄደ። ቀደምኳት። ቀድቼ ለልጄ ሰጠኋት፤ ከእጇ ተቀብዬ እኔም ጠጣሁ፤ ለጎረቤቴም አቀበልኳት። መፍራቱንስ ፈርቻለሁ። ግን ፍርሃት ደም አይመረምርም።

"ተነሺ፣ ነጠላሽን ደርቢ" አልኳት ልጄን። "እኔም ክንዴን እሰጣለሁ።"