በአጎቴ ዓይን ውስጥ የበራው ቀለም

ደብረ ታቦር ውስጥ ምንም ነገር በፍጥነት አይሆንም ይላሉ። ስህተት ነው። በሕይወቴ ያየሁት እጅግ ፈጣን ነገር የተፈጸመው እዚያው፣ ዓይን ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ በአጎቴ ዓይን ላይ ነው።

አጎቴ ከገሳይ ወዲህ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሱ ቄስ ናቸው። አውድማ ላይ ገብስ ሲወቁ ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ገለባ ገባ። ግራውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ የሚያነቡት በዚህችው በቀኟ ነበር። "ያልፋል" እያሉ ሲያሹ ሰነበቱ። እኔ ልጠይቃቸው ስደርስ ዓይናቸው በርበሬ መስላለች፤ ጎትጉቼ ከተማ አመጣኋቸው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። "መምሬ፣ ዓይንዎ ላይ የቀለም ጠብታ ላደርግ ነው። ቁስል ካለ እሱ ያሳየናል።"

"ጉሮሮ ይወርዳል?"

"ትንሽ። ይመርዎት ይሆናል።"

"እንግዲያ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።" የገና ጾም ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ውሃም አይቀምሱም።

"ከዘጠኝ በኋላማ እኔም የለሁም።"

እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ካላወራሁ አይሆንልኝም። "አባ፣ ቀለሙ ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል። አንዲት ሴኮንድ ለትሪሊዮን ብትሸነሸን፣ በጥቂት ቁራጮቿ ውስጥ ከዋጠው ጉልበት የተወሰነውን ለከበበው ውሃ ይለቃል። የቀረውን አረንጓዴ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ሽፋሽፍትዎ ሳይርገበገብ ሁሉም አልቋል።"

"እንዲህ ከቸኮለማ ጉሮሮዬ ሳይደርስ ያልቃላ!"

"የሚቸኩለው ብርሃኑ ነው። ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።"

"ታዲያ ስለ ብርሃኑ ማን ጠየቀህ?"

ሐኪሟ ሳቀች። "ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ መንገዱን እንዘጋዋለን" አለችና ዓይናቸው ከአፍንጫቸው በሚገናኝበት ጥግ ላይ ጣቷን ጫን አደረገች። አጎቴ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አደረጉላት።

ቀለሙን ጠብ አድርጋ ሰማያዊውን መብራት ስታበራ፣ ብርቱካን ይመስል የነበረው ቀለም አረንጓዴ ሆኖ ነደደ። ብሌኑ አጠገብ ከሌላው አብልጦ የሚያበራ ጭረት ታየ። ገለባው አሁንም ከዓይን ቆባቸው ሥር ተለጥፎ ነበር፤ አወጣችው።

"አልመረረኝም" አሉ አጎቴ። ስለ ዓይናቸው የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ዓይናቸው ተርፋለች። ጠባሳ ግን ቀርቶባታል፤ ዛሬ መጽሐፉን ወደ ጎን አዘንብለው ነው የሚያነቡት። ሐኪሟ እንዳለችው፣ ገለባው በገባ በማግስቱ መጥተን ቢሆን ጠባሳውም ባልኖረ። ከተማዋን በዝግታ የሚያሟት ሁሉ ይህን ልብ ይበል፤ የዘገየነው እኛ ነን።

አንባቢዬ፣ ዓይንህ ውስጥ ገለባ ከገባ አትሸው። ዛሬውኑ ሄደህ አስመርምር።