የእትዬ ብርቄ ዋስ

ባለፈው ሐሙስ ከኮዬ ፈጬ ወደ ሳሪስ ስንሄድ ቃሊቲ ላይ ፖሊሶች ሚኒባሱን አስቆሙና ሁላችንንም አስወረዱን። «መታወቂያ!» አለ አንዱ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። ከጉያዬ ሳወጣው ላስቲኩ ሞቆ ላብ ላብ ይሸታል። መታወቂያዋን ቤት የረሳች አንዲት ተማሪ መንገድ ዳር ቀረች፤ ሚኒባሱም ጥሏት ሄደ። ወንጀለኛ ለመያዝ ነው ይሉናል። እኔ ግን በዕድሜዬ በዚህ ፍተሻ ሲያዝ ያየሁት መታወቂያውን የረሳና የሌለውን ነው፤ ሌባማ መቼ ረስቶ ያውቃል! ያ የላስቲክ ሽታ እስከ ሳሪስ አቦ ድረስ ከአፍንጫዬ አልወጣ ብሎ እትዬ ብርቄን አመጣብኝ።

እትዬ ብርቄ አቃቂ በሰቃ ውስጥ አጥር የምንጋራት፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትቸረችር ጎረቤታችን ነበረች። እንደሷ የሚሳደብ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ክረምት ሲገባ ዝናቡን፣ በጋ ሲሆን አቧራውን፣ ከፋብሪካ የሚወጣ ቀለም እያግበሰበሰ የሚሸተውን ወንዝ ሳይቀር እንደ ሰው በስሙ እየጠራች ትሰድበው ነበር። የተሰደበ ደንበኛ ስቆ፣ ሽንኩርቱን ገዝቶ፣ ምርቃት ተጨምሮለት ይሄዳል። ከመደቧ ላይ ቃሪያ አንስቶ ሊሄድ የነበረን ፖሊስ «የናትህ ጓሮ መሰለህ?» ብላ ስትጮህበት ገበያው በሙሉ ሲስቅ፣ እኔም በእናቴ ቀሚስ ተከልዬ ስስቅ ትዝ ይለኛል።

መታወቂያ ግን አልነበራትም። ገና በልጅነቷ ድረዋት ከሚደበድብ ባል ሸሽታ የመጣች ሴት ናት። ቀበሌው መታወቂያ የሚሰጣት ከትውልድ መንደሯ መሸኛ ስታመጣ ነው፤ መሸኛውን የሚፈርመው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ያው የሸሸችው ባሏ ነበር። ይህን እናቴም፣ ሰፈሩም ያውቃል። በመታወቂያ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ነገር ነበር የምንተዋወቀው።

ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ፍተሻ የተጀመረ ሰሞን እትዬ ብርቄ ከነሽንኩርቷ ተያዘች። እናቴ ልብስ ስታጥብ ሰምታ፣ የሳሙናው አረፋ ከእጇ ላይ ሳይደርቅ ጣቢያ ደረሰች፤ ከኋላዋ ግማሹ ሰፈር። የጣቢያው ሽማግሌ ፖሊስ ሰልፉን አይቶ «ውሰዱልኝ እባካችሁ፣ ጆሮዬን አደነቆረችው» አለ። እየሳቅን ይዘናት ተመለስን።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትያዝ ግን ጣቢያው አዲስ አዛዥ መጥቶለት ነበር።

«ታውቋታላችሁ?» አለን።

«እናውቃታለን!» አልን በአንድ ድምፅ።

«እንግዲያው አንዳችሁ ዋስ ሁኑ። መሸኛዋን እስክታመጣ የዋሷ መታወቂያ እዚህ ይቀመጣል።»

አባቴ አንገቱን ደፋ፤ ያለመታወቂያ ፋብሪካ በር ላይ አያስገቡትም። አንድ በአንድ ወደ ኋላ ማለት ሲጀምሩ ነው ባለ ሱቁ ጋሽ ከድር፣ ስልጤው፣ ሰው እየገፋ የመጣው።

«ወላሂ እኔ አውቃታለሁ» አለ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «በየቀኑ ትሰድበኛለች። ከዚህ በላይ መተዋወቅ አለ?»

በሳምንቱ ጋሽ ከድር ዕቃ ሊያመጣ ወደ መርካቶ ሲሄድ ድልድዩ ላይ መታወቂያ ተጠየቀ። የለውም። ወደዚያው ጣቢያ ወሰዱት። «መታወቂያዬ እኮ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው» ቢላቸው ተረኛው «ታዲያ ኪስህ ውስጥ ለምን የለም?» አለው። አዛዡ መስክ ወጥቷል፣ የመሳቢያው ቁልፍም አብሮት ሄዷል። ሱቁ ተዘግቶ፣ ሚስቱ ምግብ እያመላለሰች፣ አዛዡ እስኪመለስ ታስሮ ሰነበተ። ሲፈታ እንኳ በቃል ነው እንጂ መታወቂያው አልተመለሰለትም። እሱ ታሪኩን ለሰፈሩ ሲያወራ ሁላችንም በሳቅ ሞትን። እትዬ ብርቄ ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መደቧን ለእናቴ አደራ ብላ አውቶቡስ ተሳፈረች።

«በገዛ እግርሽ እጁ ልትገቢ?» አለቻት እናቴ እያለቀሰች።

«በኔ የተነሳ ከድር ሁለተኛ አይታሰርም።»

ስትመለስ መሸኛውን በቀኝ እጇ ጨብጣ፣ ግራ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ነበር። እናቴ ባሏ ምን እንዳደረጋት እንድትነግራት ብትለማመጣት ከአንዲት ቃል በቀር አልወጣትም፤ «ፈረመልኝ» አለች። ያ እጅ ዳግመኛ የሽንኩርት ጆንያ አላነሳም። ጋሽ ከድር የተመለሰለትን መታወቂያ እያውለበለበ ሊያስቃት መጣ፤ ቀና ብላ አላየችውም። የራሷን መታወቂያም አወጣች፤ በላስቲክ አድርጋ አንገቷ ላይ አሰረችው፤ ፖሊስ በሩቁ ስታይ ሳትጠየቅ ታወጣዋለች። ቃሪያ አንስተው ቢሄዱም ዝም ነው።

ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ መታወቂያ አለው፤ ዲጂታሉንም ጨምሮ። ያን ጊዜ የነበረን፣ በኋላም ያጣነው ምን እንደሆነ ለልጆቼ ለማስረዳት ስሞክር ሁልጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ይመጣብኛል። አንድ ፖሊስ አንዲት ከሰል ሻጭ መታወቂያ ስላልያዘች እየጎተተ በጉልቱ መሐል ያልፋል። ሴትዮዋ «ኧረ የሚያውቀኝ የለም ወይ!» ትላለች። ሁላችንም እናውቃታለን። ሁላችንም ደግሞ የእትዬ ብርቄን አፍ አፍ እናያለን። እሷ ጎንበስ ብላ ሽንኩርቷን ትለቅማለች። ጋሽ ከድር ሱቁ በር ላይ ቆሞ የደረት ኪሱን በመዳፉ ሸፍኗል። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ፤ ሴትዮዋን ተከትሎ ጣቢያ የሄደ ሰው አልነበረም።