የአባ በረዶ ድርሻ

ታላቅ ወንድሜ «ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ አልበላም» ያለ ዕለት ማሙሽ ከሳቁ ብዛት ሾርባው ትን አለው። ማሙሽ የምንለው ታናሻችንን ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጢሙ ላይ ሽበት ብቅ ብቅ ብሏል፤ እናታችን በሕይወት እስካለች ድረስ ግን ማሙሽ ነው። ትንታው ሲለቀው «እና ምን ልትበላ ነው? ሣር?» አለና ከወንድሜ ሳህን ትልቁን ሙዳ ሊያነሳ ሹካውን ላከ። እማዬ በጭልፋው ጀርባ እጁን ቸብ አደረገችው።

«የሱ ነው፤ እንዳትነካ!»

«አልበላም አለ እኮ፣ እማዬ!»

«ይበላል።»

ወንድሜ አልበላም። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ቤት ተረጋግቶ የበላ ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወንድሜ ፍሪጅ ሠሪ ነው። ሰፈሩ «አባ በረዶ» ይለዋል፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ሌላው ሠሪ መጀመሪያ መፍቻ ያወጣል፤ እሱ መጀመሪያ ጆሮውን ፍሪጁ ላይ ይለጥፋል። «ይሄ ጋዝ ጨርሷል፤ ይሄ ሞተሩ ደክሞታል» ይላል፤ አይሳሳትም። ሰው ሲያናግረው ግን እንዲህ አይሰማም። «መቼ ነው የምታገባው?» ስለው «ፍሪጅ ይሻላል፤ ሲበላሽ ይታወቃል» ይለኛል። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነው የምኖረው! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አይደል የሚባለው? ሥጋ አሳዳጁ ማሙሽና ሥጋ የሚሸሸው ጋሼ ከአንድ ማህፀን ወጡ።

ደግሞ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አይሆንለትም። ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። ገበታ ላይ ሁሌም ቀድሞ «ጠገብኩ» ብሎ የሚነሳው እሱ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «ጨምሩልኝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጠባዩ ነው ብለን ትተነው ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ አጠገቤ እንደ ሣጥን ከላይ የሚከፈት ትልቅ ፍሪዘር አለ። ጋሼ ከከሰረ አይስክሬም ቤት ዝገቱን ገዝቶ፣ ብየዳ በብየዳ አድርጎ ለእማዬ የሠራላት ነው። ቀኑን ሙሉ እሱ ሲያጓራ እኔ ስሰፋ እንውላለን። እማዬ በቅርቡ ክዳኑ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ጭናበት ነበር። ማሙሽ አንዴ ሊከፍት ቢሞክር «ሽንኩርቴን ትበትንብኛለህ!» ብላ ጮኸችበት። ለሽንኩርት ይሄ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው ብዬ ገርሞኝ ነበር።

ጋሼ ምክንያቱን የነገረኝ እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው።

«ቄራ ተጠርቼ ሄድኩ» አለኝ። «የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍላቸው ቆሞባቸው። መለዋወጫ እስኪመጣ በረቱ አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። አንድ ወይፈን መጣና ክንዴን ይልሰኝ ጀመር። ላቤ ጨው ሆኖለት ነው መሰለኝ። ባባርረው ይመለሳል። የእጅ መጥረጊያ ጨርቄን ከኪሴ ጎትቶ ሊበላብኝ!» ብሎ ሳቀ። «ከዚያ ዕቃው መጣ፣ ሠራሁት፣ ክፍሉ ቀዘቀዘ። ልሰናበት ስወጣ በረቱ ባዶ ነው።»

«እና?»

«እና ምን? ያቀዘቀዝኩት ለሱ ነበር።»

በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ወንድሜ ራሱን ከአራጆቹ ይቆጥራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አዘንኩለት፤ ማዘኔ ደግሞ አናደደኝ። «ዕድሜህን ሙሉ የሥጋ ቤት ፍሪጅ ስትሠራ ኖረህ ዛሬ ነው የታየህ?» አልኩት።

«አዎ፣ ዛሬ ነው የታየኝ» አለና ሄደ።

እማዬ ግን ይሄን ወሬ በጆሮዋ አላስገባችውም። የወይፈኑን ነገር ስነግራት «ተረት ነው» አለችኝ። «እኔ ልጄን አላውቀውም? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። መጀመሪያ ታመሃል ብላ ሐኪም ቤት ጎተተችው፤ ሐኪሙ ጤነኛ ነው ሲል ሐኪሙን ሰደበችው። ቀጥላ ሩዙ ሥር ሥጋ ቀበረችለት። ምስሩን በአጥንት መረቅ ቀቀለችለት። ጋሼ ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ አፍንጫው ይነግረዋል። ክፉ ቃል አይወጣውም፤ ዳቦውን ይዞ ይነሳል፣ እየተራመደ ይበላል፣ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር።

የሥጋ ድርሻው ግን አይቀርም። በየራቱ ይቀርባል፣ በየራቱ ሳይነካ ይነሳል። ማሙሽ ዓይኑ ሳህኑን ተከትሎ ወጥ ቤት ድረስ ሲሄድ ያሳዝናል። «የት ነው የምታደርሺው?» ሲላት «ለጎረቤት» ትለዋለች። «እኔስ ጎረቤት ልሁና!» ይላል፤ ማንም አይስቅለትም።

እኔማ መሃል ላይ ሆኜ ሊለይልኝ ደረሰ። መርፌ እሰብራለሁ። የሰው ሱሪ ገልብጬ እሰፋለሁ። የራት ሰዓት ሲቃረብ ሳህን ሲንኳኳ እንኳ እደነግጣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ መጣና የስፌት መኪናዬን ዘይት መቀባት ጀመረ። መኪናዬ ዘይት አልጠየቀም። ነገር ሲኖረው ነው እጁ ሥራ የሚፈልገው።

«ክፍል ተከራይቻለሁ» አለኝ ቀና ሳይል። «ነገ ራት ላይ ለእማዬ እነግራታለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልትገድላት ነው?»

«እኔስ? ማንኪያ ባነሳሁ ቁጥር ዓይኗ እጄ ላይ ነው። እንደ ሌባ የምጠበቅ ነው የሚመስለኝ። ምን እንደበደልኳት አላውቅም። ብጠይቃት አትነግረኝም። ስለዚህ ልውጣላት።»

«በምግብ ምክንያት ሰው ከናቱ ቤት ይወጣል?»

«ሲያቅበዘብዘው ይወጣል» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። እማዬ ያለሱ ምን ትሆናለች? እሱስ ብቻውን አንድ ክፍል ውስጥ ዳቦ ይዞ ሲንጎራደድ ማን ያየዋል?

እሁድ ጠዋት ጋሼ ሥራ ተጠርቶ ወጣ። እኔ የተቀደደ እጅጌ እየጣፍኩ ሳለ ጆሮዬ ድንገት ጭር አለብኝ። ፍሪዘሩ ቆሟል።

«እማዬ! ፍሪዘሩ ቆመ! ለጋሼ ልደውልለት?»

እማዬ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። ያቺ ጉልበቴን የምትል ሴትዮ! «እሱን እንዳትጠሪ!» አለችኝና «ማሙሽ! ውጣ፣ ሌላ ሠሪ ፈልገህ አምጣ! ቶሎ በል!»

ማሙሽ ካልሲ በአንድ እግሩ ብቻ አድርጎ ቆመ። «እማዬ፣ የአባ በረዶ እናት ሆነሽ ሌላ ሠሪ? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል! ሂድ አልኩህ!»

ከብዙ ፍለጋ በኋላ፣ ከቀትር ወዲያ የመጣው ሠሪ ጠና ያለ ሰው ነው፤ የዕቃ ቦርሳው ከራሱ ይበልጣል። ፍሪዘሩን ዞሮ አየውና ብየዳው ላይ ጣቱን አሳለፈ። «ይሄማ የአባ በረዶ እጅ ነው» አለ። ሰውዬው ቦርሳውን እንኳ ሳይከፍት ስልኩን አወጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ የሙያ ጓደኛዬ የሠራውን ሳላስፈቅድ አልነካም።» ከዚያ በስልክ «አባ በረዶ፣ እናትህ ቤት ነው ያለሁት። ተጣልታችኋል እንዴ?» ሲል ሰማሁትና ክው አልኩ።

ጋሼ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሠሪው ነገሩ ስላላማረው ደህና ዋሉ ብሎ ወጥቷል። እማዬ ጆንያውን አቅፋ ፍሪዘሩ ላይ ተደግፋለች። ከሥሩ የሚንጠባጠበው ቀላ ያለ ውሃ የስፌት መኪናዬ መርገጫ ጋ ደርሷል።

«በእኔ ላይ ሌላ ሠሪ ጠራሽ?» አላት። «ሥጋ አልበላ ብል እጄም አስጠላሽ?»

«አትክፈተው።»

«ምን አድርጌሽ ነው እማዬ?»

«አትክፈተው ብያለሁ!»

ጆንያውን ቀስ ብሎ ከእቅፏ ወሰደና መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ክዳኑን አነሳ።

ውስጡ ጢም ብሏል። ትንንሽ ፌስታሎች፣ በየአንዳንዳቸው አንድ ሰው የሚበላው ሥጋ ተቋጥሮ፣ ከግርጌ እስከ አፍ ተደርድሯል። የላይኞቹ መላላት ጀምረዋል።

«ጉድ!» አለ ማሙሽ። «እኔ እዚህ አጥንት እየላስኩ ይሄ ሁሉ ሥጋ...»

«የሱ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች። «ያንተ ነው። ያልበላኸው ሁሉ። ለጎረቤትም ለማንም አልሰጠሁም።»

«ለምን?»

እማዬ ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጠች። «አባታችሁ የሞተ ጊዜ፣ ሆቴል ልብስ ሳጥብ፣ ደሞዝ ሲደርስ ትንሽ ሥጋ ይዤ እመጣ ነበር። ለሁላችን አይበቃም። አንተ ምን ነበር የምትለኝ?»

ጋሼ ዓይኑን ከፌስታሎቹ አላነሳም።

«ንገራቸው! ሥጋ አልወድም ነበር የምትለኝ። ድርሻህን ለነዚህ ትሰጥና፣ አጥንቱን ጓሮ ወስደህ ስትግጥ በመስኮት አይህ ነበር። አንድ ቀን አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? ብላ እንዳልል ከየት አምጥቼ? ደህና ቀን ሲመጣ የዚህን ልጅ ድርሻ ማንም አይነካውም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ደህናው ቀን መጣ፤ ራስህ ሠርተህ አመጣኸው። ከዚያ አንድ ቀን ተነስተህ ደግሞ ያችኑ ቃል ትለኛለህ! አሁን ማን እንዲበላልህ ነው? ምን ጎደለን ልጄ? ምን ጎድሎን ነው የደበቅከኝ?»

ያኔ ያን ሥጋ የበላነው እኔና ማሙሽ ነን። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ጋሼ በልጅነቱ ሥጋ የማይወድ ልጅ ነበር ብዬ ነበር የማምነው። ማሙሽ አንገቱን ደፋ። አንድም ቀልድ አልወጣውም።

ጋሼ እናቱ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ያኔ ውሸቴን ነበር እማዬ። እወድ ነበር። ሽታው ራሱ ያንዘፈዝፈኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ግን እውነቴን ነው። ምንም አልጎደለንም። ሞልቶ ተርፎን፣ እኔው ራሴ ነኝ ያልፈለግኩት።»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት!»

እማዬ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። «እንግዲህ በእኔ ከማልክ...» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ ጋሼ ጆሮውን ፍሪዘሩ ላይ ለጠፈ። «ሪሌው ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው» አለ። ቀይሮት ሲያበቃ ፍሪዘሩ ማጓራት ጀመረ፤ እኔም ትንፋሼ ተመለሰ። ይገርማችኋል፣ ሽታውን የሚሸሽ ሰው ያልላሉትን ፌስታሎች በገዛ እጁ አንድ በአንድ መልሶ ደረደረላት። የላሉትን እማዬ አውጥታ ለማሙሽ ሰጠችው።

«ይሄን ሁሉ?» አላት።

«ቀስ ብለህ ብላ፤ ትንታ አለብህ።»

ራት ደረሰ። እኔ ግን የቅዳሜውን ቃል አልረሳሁም። እማዬ በትንሽ ድስት ድንችና ካሮት ለብቻ ሠርታለች፤ ጭልፋውን ሁለት ጊዜ ስታጥበው አይቻለሁ። መጀመሪያ ለጋሼ አወጣች፤ ከዚያ ለራሷም ከዚያው ድስት አወጣች። ማሙሽ ከሥጋው ጋር ትግል ገጥሟል። ጋሼ ሳህኑን ጠርጎ በላ። አሁን «ጠገብኩ» ብሎ ሊነሳ ነው ስል ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«እማዬ፣ ዛሬ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

በቃ፣ ሊለው ነው አልኩ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ምን?» አለች እማዬ።

በሩን አየ፣ ተመልሶ ሳህኑን አየ። «ትንሽ ጨምሪልኝ።»

እማዬ ብድግ አለች። ጭልፋው የድስቱን ቂጥ ሲፍቅ ሁላችንም ሰማን። ባዶ ነው፤ ጨምሩልኝ ብሎ ለማያውቅ ሰው ማን አትረፍርፎ ይሠራል? ተመልሳ መጣችና የራሷን ሳህን አንስታ ጋሼ ሳህን ላይ ገለበጠችው።

«እንካ። እኔ እንኳን ድንች ብዙም አልወድም።»

ማሙሽ ማኘኩን አቆመ።

«ድንች አትወጂም?» አላት ጋሼ።

«አልወድም አልኩ እኮ!»

«እስቲ አንቺም ማዪልኝ።»

እማዬ አልማለችም። ጋሼ ድንቹን በማንኪያው መሃል ለመሃል ከፈለና እኩሌታውን ሳህኗ ላይ መለሰላት። ሁለቱም አቀርቅረው በሉ። ያን ማታ ገበታው እስኪነሳ ድረስ ጋሼ ከወንበሩ አልተነሳም።