በስምንት ሰዓት የተለካ ጭንቅላት

እሑድ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ካርቶን አቅፌ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጫለሁ። ካርቶኑ ውስጥ የጭንቅላት መለኪያ አለ። ሚዛን እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀት ነው። ሰው አሥራ ሁለት ቃላት ሰምቶ ስንቱን እንደሚያስታውስ፣ የተበታተኑ ቁጥሮችን በተራ በመስመር ለማገናኘት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት እለካበታለሁ። ከላዩ ደግሞ ስለ ኑሮ የሚጠይቅ ረጅም መጠይቅ አለ። ኒውሮሳይኮሎጂስት ነኝ። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ፣ "ዶክተር ነው፣ ግን መርፌ አይወጋም" ትላለች። የማጠናው የሚጥል በሽታ የሰውን ትውስታ፣ ትኩረትና ኑሮ ምን እንደሚያደርገው ነው።

"ካርቶኑን ላይ ስቀለው እንጂ" አለኝ ሹፌሩ።

"ወረቀቱ እንዳይታጠፍ ብዬ ነው።"

"የምን ወረቀት?"

"የአእምሮ መፈተኛ።"

በመስታወቱ አየኝ። "እንግዲያው ከፊቴ የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ ፈትንልኝ።"

አዋሽ ላይ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ ጭሮ ላይ ብርዱ ተመለሰ። ጭሮ ቆመን ጥብስ በላን። ጥብሱ ሲታኘክ ስለ ጥርሴ ብዙ አሰብኩ። ሂርናንና ቁልቢን አልፈን ደንገጎ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ጃኬቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። ደንገጎ ላይ ሁለት ነገር ይቀራል፤ ብርዱና አንቱታው። ድሬ እንደወረድኩ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ "አንተ፣ ና ግባ አቦ! ምን ታቅፈህ ቆመሃል?" ብሎ ተቀበለኝ።

ሰኞ፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት

ክሊኒኩ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ዛፍ የከበበው አሮጌ ቪላ ነው። የሚጥል በሽታ ክትትል ክፍሉን የምትመራው ሲስተር ትዕግሥት የቀጠሮ ዝርዝሬን አየች።

"ስምንት ሰዓት?"

"ጠዋት ክፍሉ ይጨናነቃል። ስምንት ሰዓት ጸጥ ይላል።"

"ጸጥ ማለቱንስ ጸጥ ይላል" ብላ ትከሻዋን ሰበቀች።

እውነቷን ነው። በስምንት ሰዓት ሱቁ ዝግ ነው፣ ውሻው ጥላ ስር ተዘርግቷል፣ የባጃጅ ሹፌሩ እግሩን በበሩ አውጥቶ ተኝቷል። እኔ ብቻ እርሳስ እቀርጻለሁ።

የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ከወንድሟ ጋር መጣች። ሐዋ እንበላት፤ ስሙን የመረጠችው ራሷ ናት። ወንድሟን ደግሞ አብዱ አለችው። ሐዋ ቀፊራ ገበያ ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስና ሻሽ ትሸጥ ነበር። "ነበር" የምለው ከሰባት ወር በፊት ሱቋ ውስጥ ስለጣላት ነው። አብዱ በዚያው ቀን ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"ስማ ዶክተር" አለኝ አብዱ፤ "ጭንቅላቷ ደህና ነው ካልክ ቁልፉን እሰጣታለሁ፣ ወላሂ። አይደለም ካልክ ቅዳሜ ተከራይ ይገባበታል።"

ይሄ ጥናት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም ልለው አፌን ስከፍት ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

አሥራ ሁለቱን ቃላት አነበብኩላት። አራት መለሰች። ቁጥር ስታገናኝ ሰባትን እየፈለገች ዓይኗ ተከደነ። መጠይቁ ላይ ስንደርስ ግን ነቃ አለች።

"ባለፈው ወር መኪና መንዳት ባለመቻልዎ ምን ያህል ተቸገሩ?"

"የምን መኪና?"

"መጠይቁ ነው።"

"መጀመሪያ መኪናውን ስጠኝ፣ ከዚያ እቸገርልሃለሁ።"

ሌላ አገር የተጻፈ መጠይቅ ነው፤ እኔም መኪና የለኝም። ቀጠልኩ። "በሽታው መልክዎ ላይ የተወው ነገር አለ?"

ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ በጣቷ ነካች። "ይቺ የበሽታው አይደለችም፤ የአብዱ ናት።"

ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተት የአገራችን ልማድ ነው። ምንም አይፈይድም። አብዱም ያን ዕለት ክብሪት ጫረ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ እሳቱ እሷን አገኛት።

ስንጨርስ አብዱ በሩ ላይ ቆሟል። "እሺ፣ ስንት አገኘች?"

ውጤት አይነገርም አልኩት። ፊቴ ግን ምስጢር አይችልም። "ገባኝ" አለና ክንዷን ይዞ ወጣ። ሐዋ ዞራ አላየችኝም፤ ከፋኝ።

ለማነጻጸሪያ የፈተንኳቸው ጤነኞችም ከእሷ ብዙ አልራቁም። የክሊኒኩ ጥበቃ ስድስተኛው ቃል ላይ አንኮራፋ። በእኔ ጥናት መሠረት ድሬዳዋ በሙሉ ሕክምና ያስፈልጋታል።

ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ቁርስ ከሲስተር ትዕግሥት ጋር ነው፤ ማር የፈሰሰበት ፈጢራና ሻይ። ውጤቱን ሳሳያት እስኪያንቃት ሳቀች።

"ድሬን በስምንት ሰዓት ትፈትናለህ እንዴ? በዚያ ሰዓት ስሜን ብትጠይቀኝም አስቤ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝማ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲያስረዳ እንጂ ሲጠይቅ አላየሁም።" ሻይዋን አስቀመጠች። "ሐዋ ኪኒኗን መቼ እንደምትውጥስ ጠይቀሃል?"

ቅጼን አገላበጥኩ። የመድኃኒቱ ስም አለ፣ መጠኑ አለ፣ ሰዓቱ የለም።

"የታዘዘላት ስትተኛ እንድትወስደው ነበር" አለች፤ "አብዱ ግን ስትውጥ በዓይኑ ካላየ አያምንም። እሱ ቤት የሚገባው ለምሳ ነው። ስለዚህ ከምሳ ጋር በእጁ ይሰጣታል።"

ኪኒኑ እንቅልፍ የሚያመጣ ነው። እንግዲህ እኔ የለካሁት ኪኒኑን፣ ፀሐዩንና ምሳውን ነበር፤ አናቱ ላይ የሐዋን ስም ጻፍኩበት። ሲስተር በዚህም አልማረችኝም። በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ አስቀምጣ ቃላቱን ለእኔው አነበበችልኝ። ራሴ የመረጥኳቸው ቃላት ናቸው። ስድስት አስታወስኩ።

ሐሙስ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

አብዱ ሁለተኛ ክሊኒክ አልመጣም ስላለ ካርቶኔን ይዤ በድልድዩ ወደ ቤታቸው ተሻገርኩ። የደቻቱ ወንዝ ደርቋል፤ አሸዋው ላይ ፍየሎች ይሄዳሉ። አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው።

አብዱ በሩ ላይ ቆመ። "አንዴ ወድቃለች፣ ስንቴ ትወድቅልህ?"

"የወደቅኩት እኔ ነኝ" አልኩት፤ ስለ ሰዓቱም ስለ ኪኒኑም ነገርኩት። የራሴን ውጤት ስነግረው ከበሩ ዞር አለ።

በአዲስ የቃላት ዝርዝር ፈተንኳት። ዘጠኝ መለሰች። ቁጥሮቹን ሰዓት መያዣዬን በቅጡ ሳላይ አገናኘቻቸው።

"ቃላቱን እንዴት ያዝሻቸው?"

"መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ እንደ ጨርቅ። ሦስቱ ከላይኛው መደርደሪያ ወደቁ።"

ለአብዱ በእሷ ፈቃድ እውነቱን ነገርኩት። አንዳንድ ነገር ይጠፋታል፤ ደብተር መያዝ ይጠቅማታል። በሽታው ሊመለስ ይችላል፤ የኪኒኑን ሰዓት ሐኪሙ ያስተካክል። ሱቅ የሚያስዘጋ ነገር ግን አላየሁም።

አብዱ ኪሱ ገባ። ቁልፉን ሲያወጣ የክብሪት ቀፎ ተከትሎት ወጣ። አብዱ ሲጋራ አያጨስም።

"ክብሪቱ እኮ አይጠቅምም" አልኩት።

"አውቃለሁ፣ ሲስተርም ነግራኛለች።" ቀፎውን በእጁ አገላበጠው። "እህቴ መሬት ላይ ወድቃ እያየሁ፣ እጄን ምን ላድርገው ታዲያ?"

ካርቶኔ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ወረቀት አልነበረም። ለሰባት ወር በዚህ ሰው ስናደድ የቆየሁ ይመስል አፈርኩ፤ የማውቀው ግን ከሰኞ ጀምሮ ነው። መነጽሬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ ተጋደምኩ።

"እጅህ እዚህ ይሁን፣ ራሷ ስር። ነጠላ ጫማም ይሁን ድንጋይ ከአጠገቧ አርቅ። አፏ ውስጥ ምንም አትክተት። መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኗ አስተኛት። ሰዓት ያዝ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል።"

አብዱ ተንበርክኮ ሁለት መዳፉን ከራሴ ስር አስገባ። እጁ ሰፊና ሞቃት ነው።

"ኧረ ዶክተሩን ጣለው!" ብላ ጮኸች ሐዋ። "አቦ ክብሪት ለኩሱለት!"

አብዱ ሳቀ፤ ሲስቅ ራሴን ለቀቀውና ከወለሉ ጋር ተጋጨሁ። ቀፎውን ወደ ምድጃው ወረወረ። ቁልፉን ሰጣት።

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

ከመጠይቁ አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበርና ቀፊራ ሄድኩ። ሱቁ ተከፍቷል። ሐዋ ድሪያ ዘርግታ አንዷን ገዢ በሶማሊኛ፣ ሌላዋን በኦሮምኛ ትከራከራለች። አብዱ ማዶ በርጩማ ላይ ሻይ ይዞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ተቀምጧል።

"አንድ ጥያቄ ብቻ" አልኳት። "በአጠቃላይ ኑሮዎን ከአሥር ስንት ይሰጡታል?"

"ቆይ።"

ቆየሁ። ሦስተኛ ገዢ ገባች፣ አራተኛዋም ተከተለቻት። እርሳሴን እንደያዝኩ ስንቀዋለል ሐዋ ቀና አለች።

"አንተ፣ ካልገዛህ በሩ ላይ አትቁምብኝ!"

እሑድ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ሹራቤን ደንገጎ ላይ መልሼ ለብሼ፣ ካርቶኔን አቅፌ ቤቴ ገባሁ። የሐዋን ቅጽ አወጣሁ፤ የመጨረሻው ሳጥን ባዶ ነው። በእኛ ሥራ ባዶ ሳጥን ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ምክንያቱ ጎኑ ላይ ይጻፋል። እርሳሴን ቀረጽኩና ጻፍኩ፦ ሥራ ላይ ነበረች።