ለወገቤ የገዛሁት ፍራሽ

ወገቤ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን እንኳ እንዳላስር ሲከለክለኝ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለ ፍራሽ ቤት ገባሁ። ሻጩ አንዱን በቡጢ እየደበደበ «ለወገብ ጠንካራው ነው» አለኝ። ሳልሞክር አልገዛም ብዬ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ ሦስቱ ላይ ተራ በተራ ተጋደምኩ። ሁሉም አንድ ሆኑብኝ። ቢቸግረኝ ጠንካራውን ገዛሁ።

ቤት አድርሼ ፕላስቲኩን እንኳ ሳላወልቅለት፣ አጎቴ ከገጠር መጡ። እንጦጦ ማርያም ሁለት ሳምንት ጠበል ሊጠመቁ ነው። ለእንግዳ፣ ያውም ለትልቅ ሰው፣ አልጋ ይለቀቃል፤ ወገቤን አመመኝ ብሎ እምቢ ማለት የት አለ! አሮጌውን ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፌ ተኛሁ።

ጠዋት ግድግዳ ይዤ ተነሳሁና «እንዴት አደሩ?» አልኳቸው።

«ምኑን አደርኩት ልጄ» አሉ ጎናቸውን እያሹ፤ «ይሄ እኮ ድንጋይ ነው። አንተ እንዴት ችለህ ነው የምትተኛበት?»

እኔ መቼ ተኛሁበትና!