ከአማቷ ጋር ፊልም ያየችባቸው የካቲቶች

ውባንች ባሏ ሲሞትባት ገና ልጅ እግር ነበረች። እሷ በመተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ባሏ ፈንቴ ደግሞ ኮኪት አካባቢ በሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። በ1969 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ ተኩስ በሆነበት ወራት፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጥይት ከትራክተሩ ላይ ጣለው። ልጅ አልወለዱም። ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና የፈንቴ እናት ወይዘሮ ታንጉ ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ታንጉ ከፈንቴ ሌላ ልጅ የላቸውም። ከጭልጋ ደጋ ወደ ቆላ የወረዱትም እሱን ተከትለው ነው። አርባው እንደወጣ የውባንች አባት ልጃቸውን ወደ ቤታቸው ሊመልሱ መጥተው ነበር። እሷ ግን፣ «እኒህን ሴትዮ ለማን ጥያቸው ልሂድ?» ብላ ቀረች። አባቷ ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ሲያቅታቸው መርቀዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ጥቁር እንደለበሱ፣ አንግረብ ከሚባለው የገመድ አልጋ አንዱን እሷ፣ አንዱን አማቷ ይዘው፣ ብዙም ሳይነጋገሩ ይኖሩ ጀመር። አልተጣሉም። ግን አንዳቸው የፈንቴን ስም ካነሱ ሌላዋ የምታለቅስ እየመሰላቸው ዝምታውን መረጡት።

በየዓመቱ የካቲት ላይ ጎንደር ከተማ ውስጥ የወዳጅ አገሮች የፊልም ሳምንት የሚባል ነገር ይደረግ ነበር። ከሞስኮ፣ ከሶፊያ፣ ከበርሊን የመጡ ፊልሞች በአዳራሽ ይታያሉ፤ የመግቢያው ካርድ ለየማኅበሩ ይታደላል። አንድ ዓመት ለመተማ መምህራን ሁለት ካርድ ደረሳቸው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ጓድ አለነ ውባንችን ጠርቶ፣ «አንች ሂጂ፤ ትንሽ አየር ትቀይሪያለሽ» አላት። አብሯት ሊሄድ የነበረው መምህር ደግሞ በዋዜማው ወባ ጣለው።

ወይዘሮ ታንጉ ነገሩን ሲሰሙ ከአንግረባቸው ላይ ቀና አሉ።

«ብቻሽን? በሎሪ? እስከ ጎንደር?»

«መንግሥት ነው የጠራኝ እማማ፤ ምን ላድርግ?»

«እንግዲያ እኔም እሄዳለሁ።»

«ፊልም እኮ ነው።»

«ምንም ይሁን። ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።»

የሐሚድ ሎሪ ሰሊጥ ጭና ስትወጣ ሁለቱም ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ። ሐሚድ ከገዳሪፍ እስከ ጎንደር መንገዱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ ግማሹን በዐረብኛ ግማሹን በአማርኛ የሚያወራ ሾፌር ነው። ገንዳ ውሃ ኬላ ላይ አንድ ጠባቂ የይለፍ ወረቀታቸውን አገላብጦ አየና፣ «እርስዎስ እናቴ፣ ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱት?» ብሎ ጠየቀ።

«ለፊልም» አሉ ወይዘሮ ታንጉ፣ ፈርጠም ብለው።

ጠባቂው ወረቀቱን እንደያዘ በሳቅ ተንፈራፈረ፤ ሌሎቹንም ጠርቶ አሳያቸው። ወይዘሮ ታንጉ ግን ምኑ እንዳሳቀው አልገባቸውም፤ እስከ አይከል ድረስ «ምን ዓይነት ባለጌ ነው?» እያሉ ተናደዱ።

ጎንደር የደረሱት ብርዱ የቆላ ሰው ጥርስ በሚያንገጫግጭበት ሰዓት ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ገቡ። አንድ ካድሬ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ሰፊው ገበሬ ትግል ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ሰው አጨበጨበ፤ መብራቱ ጠፋ። ወይዘሮ ታንጉ የምራታቸውን ክንድ ጨመደዱ።

«ምን ሁነው ነው ያጠፉት?»

«እንደዚህ ነው እማማ፤ አይፍሩ።»

ፊልሙ የቡልጋሪያ ነበር። አንድ ወፍራም ገበሬ ከአህያው መለየት አቅቶት፣ ካፖርት አልብሶ፣ ሻሽ አስሮላት፣ ሚስቱ አስመስሎ ባቡር ሊያሳፍራት ይታገላል። የሚናገረውን የተረዳ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ወይዘሮ ታንጉ መጀመሪያ በነጠላቸው ግማሽ ፊታቸውን ሸፍነው ነበር የሚያዩት። ቀስ በቀስ ነጠላው ወረደ። ቲኬት ቆራጩ ከወዲያኛው በር ብቅ ሲል፣ የአህያዋ ጆሮ ከሻሹ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ አላስቻላቸውም።

«ጆሮዋን! ጆሮዋን ሸፍናት አንተ ከዋጃ!»

ከዋጃ ማለት በመተማ ሰው አፍ ፈረንጅ ማለት ነው። ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞረው ሳቁ። አህያዋ በቲኬት ቆራጩ ፊት ስታናፋ ደግሞ ወይዘሮ ታንጉ ራሳቸው ሳቁ። ውባንች ሳቁን መጀመሪያ የሌላ ሰው ነው ያለችው። ዞር ስትል አማቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ፈንቴ ከሞተ ጀምሮ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም። ከዚያ በኋላ ፊልሙን አላየችም፤ የምታየው እሳቸውን ነበር። «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች በልቧ።

መተማ ሲመለሱ ወይዘሮ ታንጉ ጎረቤቱን ሰብስበው ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወሩት። አህያዋን ሆነው አናፉ፣ ቲኬት ቆራጩን ሆነው ተቆጡ። ቤቱ ውስጥ ወሬ ተጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ራሳቸው ሳይጠየቁ፣ «ፈንቴ ቢያያት እንዴት በሳቀ!» አሉ፤ ስሙን አንስተውም ማናቸውም አላለቀሱም። በሚቀጥለው ዓመት የገና ጾም ሳይፈታ፣ «ያ ካርድ አልመጣም ወይ?» እያሉ ጓድ አለነን መንገድ ላይ ያስቆሙት ጀመር። እሱም ደግ ሰው ነበርና ሁለቱን ካርድ ለነሱ አስቀረላቸው።

በዚሁ መሃል ወይዘሮ ታንጉን ወባ ክፉኛ ጣላቸው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደምለው ቤት ድረስ እየመጣ መርፌ ወጋቸው። ረጋ ያለ፣ ዐይን አፋር የሆነ የበጌምድር ልጅ ነው። አሮጊቷ ከዳኑ በኋላም መምጣቱን አልተወም፤ አንድ ጊዜ ለሻይ የሚሆን ከረከዴ ይዞ፣ ሌላ ጊዜ የጣሪያውን ቀዳዳ ሊደፍን፣ ሌላ ጊዜ ያለምንም ምክንያት። ወይዘሮ ታንጉ መጀመሪያ ላይ አመሰገኑት። ኋላ ኋላ ግን እሱ ደጁን ሲያንኳኳ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ወደ ማዕዘኑ ዞረው ይቀመጣሉ። ደምለው ይህን አይቶ በጓድ አለነ በኩል ውባንችን አስጠየቀ። እሷም፣ «እሱን ጠልቼ አይደለም፤ እማማን ግን ምን ብዬ?» ብላ መለሰችው። ነገሩ በዚያው ቀረ፤ ቤት ውስጥም ትንፍሽ አላለችም።

በሦስተኛው የካቲት ያዩት ፊልም የሶቭየት ነው፤ የጦርነት ታሪክ። መሬቱ ሁሉ በበረዶ ተሸፍኗል። አንድ ወጣት ባል በባቡር ይዘምትና ሳይመለስ ይቀራል። ሚስቱ ከእናቱ ጋር በመንደሩ ዳር ባለች ቤት ትኖራለች። አንድ እጁን በጦርነቱ ያጣ አናጢ አጥራቸውን ሊጠግን ይመጣል፤ ልጅቱን ያያታል፣ እሷም ታየዋለች። እሱ በመጣ ቁጥር ግን አሮጊቷ በሩ ላይ ትቆማለች። ምንም አትናገርም፤ ትቆማለች ብቻ። ልጅቱም ራሷን ደፍታ ወደ ቤት ትገባለች። በመጨረሻ አናጢው መሣሪያውን በጋሪ ጭኖ አገር ጥሎ ሄደ። ፊልሙ ሲያልቅ ሁለቱ ሴቶች ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ፣ በአንድ ገበታ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሳይተያዩ ሾርባቸውን ይጠጣሉ።

ወይዘሮ ታንጉ በዚህ ፊልም አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሲወጡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጡና ውባንችንም እጇን ስበው አስቀመጧት።

«ያን አናጢ አየሽው?»

«አየሁት።»

«ሸጋ ሰው ነበር።»

«ነበር።»

«አሮጊቷንስ?»

«እሷም ልጇ ሞቶባት ነው እማማ። ምን ታድርግ?»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ ሞቶባታል። ልጅቱ ግን አልሞተችም።» መንገደኛው ይተላለፋል፤ ካድሬዎቹ በር ላይ ቆመው ይነጋገራሉ። «ድሬሰሩ አስጠይቆሽ ነበር አሉ።»

ውባንች ደነገጠች። «ማን ነገረዎት?»

«መተማ ላይ ምን ይደበቃል? ለምን እምቢ እንዳልሽው ግን የነገረኝ የለም። ዛሬ ነው የገባኝ።»

«እማማ፣ እኔ እርስዎን—» ብላ ጀመረች።

«ዝም በይ፣ ስሚኝ። ፈንቴን ማኅፀኔ ነው የተሸከመው፤ አውቀዋለሁ። ሚስቱ ከእናቱ ጋር ተፋጥጣ ስታረጅ ደስ የሚለው ልጅ አልነበረም። አባትሽ ሊወስዱሽ መጥተው እኔን ብለሽ ቀርተሻል። እግዜር ይስጥሽ። ከዚህ በላይ ግን አልፈልግብሽም፤ ይበቃል። ሽማግሌ ይላክ፤ እኔ ከአባትሽ ጎን ተቀምጬ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ ድሬሰሩ አንችን ሲወስድ እኔንም ይረከባል። የአሮጊት ሳል የማይችል ከሆነ ከአሁኑ ይናገር!»

ውባንች እያለቀሰች ሳቀች። ሰው ያየኛል ሳትል ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም፣ «ተነሽ፣ ተነሽ፣ ቀሚስሽ አቧራ ነካው» እያሉ ራሷን ዳበሱት።

ሽማግሌ ሆነው የመጡት ጓድ አለነና ሾፌሩ ሐሚድ ናቸው። ሐሚድ የአማርኛው ወግ ሲጠፋበት በዐረብኛው «ተማም! ተማም!» እያለ ሁሉን ነገር ስለሚያጸድቅ፣ የውባንች አባት እንኳ ሊኮሳተሩ አልቻሉም። የሠርጉ ለት ጠዋት ወይዘሮ ታንጉ ከሣጥናቸው ነጭ ነጠላ አወጡ፤ ከውባንች ትከሻ ላይ ጥቁሩን ገፈው ነጩን አለበሷት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ለብቻቸው ጥቂት አለቀሱና፣ ፊታቸውን ታጥበው ወጥተው እልል አሉ።

ደምለው ቃሉን ጠበቀ። ወይዘሮ ታንጉን «እናቴ» ነው የሚላቸው፤ ሌሊት ሲያስላቸው መድኃኒቱን ይዞ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ ስም እንዲያወጡ ለሳቸው ተሰጠ። ካሳነሽ አሏት። ዘመኑ ግን ቀላል አልነበረም። አንዳንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ፣ አንዳንድ ዓመት መንገዱ በወታደር ተዘጋ። ብሔራዊ ውትድርናው የጓድ አለነን ተማሪዎች ከመንደሩ እየለቀመ ወሰደ። ወይዘሮ ታንጉ በ1980 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ አረፉ፤ ውባንች እንደወለዷት ልጅ ሆና ቀበረቻቸው።

ዛሬም ስለሳቸው ስታወራ የምታነሳው አብረው የሄዱበትን የመጨረሻ የካቲት ነው። ያን ጊዜ ደምለውም በጤና ጣቢያው በኩል ካርድ አግኝቶ አራት ሆነው ነበር የተጓዙት። ፊልሙ የምን አገር እንደነበረ አታስታውስም፤ ዛፍና ጭጋግ የበዛበት፣ ምንም የማይሆንበት ፊልም ነው። ደምለው ካሳነሽን ታቅፎ ዳር ተቀምጧል። ወይዘሮ ታንጉ ገና ከመጀመሩ እንቅልፍ ወሰዳቸውና ራሳቸውን በውባንች ትከሻ ላይ ጣሉ። እሷም ትከሻዋ እየደነዘዘ፣ እንዳትቀሰቅሳቸው ሳትነቃነቅ፣ ትንፋሻቸውን እያዳመጠች ቆየች። አንድ ጎኗ እሳቸው፣ አንድ ጎኗ ባሏና ልጇ። «አምላኬ፣ ሌላ ምን እጠይቅሃለሁ?» አለች በልቧ፤ የእውነቷን ነበር።

መብራቱ ሲበራ ወይዘሮ ታንጉ ነቁና ዙሪያቸውን አዩ።

«ምን ሁኖ አለቀ?»

ውባንችም አላየችውም። «በደህና» አለቻቸው።

«እሰይ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ።